የጎረሱበት እጅ

ሐመልማል ከክሊኒክ ወጥታ ቤት ለቤት የምትሠራባቸውን ቀናት ትወዳቸው ነበር። ክሊኒክ ውስጥ እንስሳው ይፈራል፣ ባለቤቱ ደግሞ ከእንስሳው ይብሳል፤ ውሻውን በሰንሰለት እየጎተተ አምጥቶ "ዶክተር፣ ተጠንቀቂ፣ ይሄ ሰው ይበላል" ይልና ራሱ በር ላይ ይቀራል። ቤታቸው ስትሄድ ግን ውሻውም እንደ ውሻ፣ ሰውየውም እንደ ሰው ሆነው ይጠብቋታል። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረላት፤ የቤት ለቤት ሥራውን የጨረሰ ሰው ወደ ቢሮ ተመለስ አይባልም። ቶሎ ጨርሳ ወደ ናሆም መሮጥ ትችላለች። ናሆም ጡጦ አፉ ውስጥ ሲገባ እንደ ሬት የሚተፋ ልጅ ነው። ጠዋት ጠብቶ ይሸኛታል፣ አማቷ በአጥሚትና በገንፎ እያታለሉ ያውሉታል፣ እሱ ግን ልቡ ያለው እሷ ጋ ነው። የእሷም እሱ ጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጡቷ እየከበደ ሲመጣ ሰዓት ማየት አያስፈልጋትም።

የዚያን ቀን ወደ ክሊኒኩ ደውለው ሐኪም ላኩልኝ ያሉት ጋሽ ወንዳፍራሽ ነበሩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ከጣርማ በር ወረድ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ቤት ሠርተው ውሻ ማርባት የያዙ ሰው ናቸው። ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን ጥሩ ውሻ የፈለገ ሰው ሁሉ ስማቸውን ያውቃል። የደጋውን በግ ጠባቂ ውሻ ከጀርመን ዝርያ ጋር አዳቅለው ያወጧቸው ቁመታሞች ናቸው ውሾቻቸው። ቡችላ ሲሸጡ ገዢ ይመርጣሉ አሉ፤ "ማሰሪያ ሰንሰለት አለህ?" ብለው ይጠይቁና "አለኝ" ያለውን ባዶ እጁን ይሸኙታል። ሐመልማል ይህን በሰማች ጊዜ ሳታያቸው ወደደቻቸው። ውሻውን ቀን ሙሉ አስሮ፣ ማታ ለቆ፣ አጥንት ወርውሮለት ጠብቀኝ የሚል ሰው ሲያበግናት ነው የኖረችው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰውየው ከሰኔ ወዲህ ገበያ አልታዩም። ሚስታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ኮምቦልቻ እህታቸው ጋ ሄደዋል ይባላል። ስልክ ያነሳው ባልደረባዋ የነገራትም "የክትባት ጊዜያቸው አልፏል፤ እኔ መውረድ አልቻልኩም ነው የሚሉት" ብሎ ነው። ጉልበታቸው ይሆናል ብላ አሰበች።

ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ ሲያወርዳት ጉም ነበር። የነሐሴ የጣርማ በር ጉም ከላይ የሚወርድ አይደለም፤ ከገደሉ ሥር ተነስቶ፣ በጽዱ ሥር ለሥር እየተሳበ፣ መጀመሪያ እግርን፣ ከዚያ ወገብን፣ ከዚያ ፊትን እየሸፈነ የሚወጣ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ የብረት ጣዕም ያለው እርጥብ ነገር ነው። ዳገቱን ስትወጣ የምትሰማው የገዛ ትንፋሿንና የቅጠል ጠብታ ብቻ ነበር። ሲያስፈራት የነበረውም ይህ ዝምታ ነው። የውሻ ቤት ከሩቅ ይታወቃል፤ እግር ገና መንገድ ሲጀምር ግቢው ይናወጣል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን አንድም አልጮኸም፤ ቤቱን ያገኘችው አጥሩ አፍንጫዋን ሊነካ ሲደርስ ነው።

በሩ ክፍት ነበር። ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ውሾች ቁጢጥ ብለዋል፤ ሦስተኛዋ፣ ዳማ የሚሏት ቀይ ሴት፣ መሃል ላይ ቆማ ጅራቷን ቀስ እያደረገች ታወዛውዛለች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጋቢያቸውን ደርበው ግቢው መሃል ቆመው ነበር። እንግዳ ሲመጣ በር ድረስ ወጥቶ መቀበል የሰው ወግ ነው፤ እሳቸው ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ። አይነኩሽም።"

"ደህና ዋሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ?"

"እግዜር ይመስገን። ግቢ ብቻ።"

ገባች። ውሾቹ ዞር ብለው አሳለፏት፤ ካለፈች በኋላ ደግሞ እንደ ቀድሞው ተመልሰው ቁጭ አሉ። ፊታቸው ግን ወደ ውስጥ ነበር። ሐመልማል ይህን አይታ ሳቅ አለች፤ ሌባ ከውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስላቸው ብላ።

ሽማግሌውን ተከትላ ወደ ቤት ገባች፤ ሦስቱ ውሾችም አብረው ገቡ። ቤቱ ረጅምና ጨለማ ነው፤ መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተዘግተዋል። የጽድ ጭስ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከጭሱ በታች ኖራ ይሸታል፣ ከኖራው በታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ዝናብ ያገኘው የእህል ጎተራ ዓይነት፤ አንዴ አፍንጫዋ ከያዘው በኋላ ሊለቃት አልቻለም። "ለቁንጫ ነው የማጨሰው" አሉ ሽማግሌው ሳትጠይቃቸው። በጓሮ በኩል የተዘጋ የክፍል በር ነበር፤ በሩ ሥር አራተኛው ውሻ፣ ሽበታም አሮጌ ወንድ፣ ተጋድሟል። የተኛበት የአፈር ወለል በገላው ልክ ጎድጉዷል።

"እሱስ አይመጣም?"

"ባሻ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነው" አሉ፤ ይህን ሲሉ ወደ በሩ አላዩም።

ሐመልማል ውሾቹን እያገላበጠች መመርመር ስትጀምር ፍርሃቷን ረሳችው። እንዲህ የተያዘ ውሻ አይታ አታውቅም። ጥፍራቸው ተከርክሟል፣ ጆሯቸው ንጹሕ ነው፣ የጎድን አጥንታቸው በእጅ ይዳሰሳል እንጂ አይታይም፤ የመጠጥ ውሃቸው ከሰው ውሃ ይጠራል። ከንፈራቸውን ገልጣ ጥርሳቸውን ስታይ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። የዳማ የኋላ ጥርሶች መካከል አንድ ነገር ተሰክቶ አገኘችና በወረንጦ ሳበችው፤ ረጅም አረንጓዴ ክር ነው፣ ከነጠላ ጥለት የሚመዘዝ ዓይነት። "ጨርቅ ትወዳለች እንዴ?" ስትል ጠየቀች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ክሩን ከእጇ ተቀብለው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። ጋቢያቸው ሸርተት ሲል አንጓቸውን አየችው። ዙሪያውን ቆዳው ጠቁሮ፣ ደንድኖ፣ ለብዙ ጊዜ አንባር ያሰረ ይመስል ነበር። ሌላኛውም እጃቸው እንደዚያው ነው። ቶሎ ሸፈኑት።

"ጋሼ፣ ያምዎታል እንዴ?"

"አያምም። ጎጂ አይደሉም እኮ" አሉ፤ ስለ ማን እንደሚያወሩ ግን አልተናገሩም።

ከዚያ ቂጣ አመጡ። በጨርቅ ይዘው ነው ያመጡት፤ ጣታቸው እንዳይነካው ተጠንቅቀው ሳህኑን ፊቷ አስቀመጡና ወደ ኋላ አሉ። "ከመርፌው በፊት በእጅሽ አጉርሻቸው። ከማያውቁት እጅ መርፌ አይወዱም። እየቆረስሽ ትንሽ መዳፍሽ ውስጥ ያዢው፣ ላብሽ ይንካው።" ሐመልማል ይህ ሥራ የሚያውቅ ሰው ምክር ነው ብላ ተቀበለች፤ እሷም ለሰው የምትነግረው ይህንኑ ነው፣ መጀመሪያ እጅህን ይወቁት፣ አትቸኩል፣ አትምታ። ቂጣውን እየቆረሰች መዳፏ ውስጥ አሞቀችው። ውሾቹ ተራ ገብተው መጡ። በጥርስ አልነጠቁም፤ በከንፈራቸው ብቻ ከመዳፏ ላይ አነሱ፣ ዋጡ፣ ከዚያም ፊቷን ቀና ብለው አዩ። እንደዚያ ዓይነት አተያይ ከውሻ አይታ አታውቅም። ልጇ ጠብቶ ሲጨርስ ነው እንደዚያ የሚያያት።

ለባሻ ስትዘረጋለት ፊቱን አዞረ። "ተይው፤ እሱ ከሳህን ነው የሚበላው" አሉ ሽማግሌው። መለስ ብላ ስታያቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸው ወድቆ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

"ጨረስሽ?"

"ክትባቱ ገና ነው እኮ ጋሼ።"

"እሱማ... እሱም ይደርሳል።"

ከተበቻቸው፤ እንደ ደንቡ የሆድ ትል መድኃኒታቸውንም ሰጠቻቸው። ስትጨርስ ጡቷ ከብዶ መውጋት ጀምሮ ነበር። "በሉ እንግዲህ ልሂድ፤ የሚጠባ ልጅ ጥዬ ነው የመጣሁት" አለች እቃዋን እየሰበሰበች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቀና አሉ። "የሚጠባ?"

"ገና ጥርስ ማውጣቱ ነው። ጡጦ አይዝልኝም።"

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። "ወንድ ይልካሉ ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ፤ "አንቺን ይልካሉ አላልኩም።" ሐመልማል ይህን እንደ ሽማግሌ ወሬ ወስዳ ሳቀች። ስትነሳ አብረዋት ተነሱ፣ ቦርሳዋን ከእጇ ወሰዱ። "ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ እኔ እይዘዋለሁ" ብትል "እንግዳ ይሸኛል እንጂ!" አሉና ቀደም ቀደም አሉ። እንግዳን በር አሳልፎ መንገድ ድረስ መሸኘት የጨዋ ሰው ወግ ነውና እሺ ብላ ተከተለቻቸው።

በሩ ላይ ውሾቹ ለሳቸው ዞር አሉ። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ከደጃፉ ሲያሻግሩ መቃኑን ይዘው ቆሙ፤ ሌላኛውን እግር እያዩት፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል፣ አወጡት። ከዚያ ወጥተው ድንጋዩ መንገድ ላይ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዞሩ፣ አየሩን ሳቡት። ሐመልማል ልትከተላቸው እግሯን አነሳች። ዳማ ብድግ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ የሐመልማልን አንጓ በአፏ ያዘች።

አልነከሰችም። እንቁላል ይዛ የምትሄድ ይመስል ጥርሷን ቆዳው ላይ አሳረፈችው፤ አፏ ሞቃትና እርጥብ ነው። ሐመልማል "ተይ ልጄ" ብላ እጇን ሳብ አደረገች፤ ጥርሱ በሳበችው ልክ ጠበቀ። ስትተው ላላ። ሁለቱ ውሾች መጥተው በጉልበቷ ፊት በአግድም ቆሙ፣ ሰውነታቸውን እንደ ግድግዳ አድርገው ወደ ውስጥ ገፏት። ውሻ ሲያጠቃ ታውቃለች። ይህ ማጥቃት አይደለም፤ አልጋው ጫፍ የደረሰ ሕፃን የሚመልስ ሰው አኳኋን ነው።

"ጋሼ፣ ይጥሯቸውማ።"

"አይሰሙኝም ልጄ። ከእንግዲህ ያንቺ ናቸው።" ፊታቸውን ሳይመልሱ ነው የሚያወሩት። "የሺ የመርሳት በሽታ ይዟት ነበር። ዓይኔ ሲከደን ተነስታ ወደ ገደሉ ትሄድ ነበር። ማሰር ደግሞ አልፈለግኩም፤ ሰው ይታሰራል? ቡችላ ሆነው ከእሷ እጅ ብቻ እንዲበሉ አደረግኩ። በእጁ ያጎረሳቸውን ሰው ከዚህ በር እንዳያስወጡ አስተማርኳቸው። አንድ ቀን አልመታኋቸውም። በፍቅር ነው ያስተማርኳቸው።"

"እትዬ የሺ ኮምቦልቻ ናቸው አይደል?"

ሽማግሌው ቦርሳውን መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

"ሰኔ ላይ ሞተችብኝ። ለእድርም፣ ለቄስም ከመናገሬ በፊት ከበሩ ውጭ ወዳለው ክፍል ላውጣትና ልገንዛት ብዬ ተሸከምኳት። ውሾቹ እጇን ያዙ። ሬሳ መሆኗን ማን ይንገራቸው? ጎተትኩ... ከዚያ በኋላ ለማሳየት የሚሆን ነገር አልነበረም። ሰው እንዴት ልጥራ? ውሾቹ ደግሞ ተራቡ፤ አሳዘኑኝ። ባጎረስኳቸው ማግስት እኔን ያዙኝ። ባሻ ብቻ ከእሷ በኋላ ከማንም እጅ አልበላም፣ እስከ ዛሬ ይጠብቃታል። መርዝ ገዝቼ ያስቀመጥኩት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

"ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ልጄ እኮ ይርበዋል።"

"ሰው ይዤ እመለሳለሁ" አሉ። ይህን ሲሉ ግን አለቀሱ፤ የሚመለስ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። "ይቅር በይኝ" የሚለውን ቃል ጨርሰው ሳይሉት ጉሙ ዋጣቸው፤ የእግራቸው ኮቴ ብቻ፣ መጀመሪያ እየተጎተተ፣ ቆይቶ እየፈጠነ፣ እንደ ልጅ እየሮጠ ቁልቁል ወረደ።

ሐመልማል በመጀመሪያ አላለቀሰችም። ሥራዋ ነው፣ ውሻ ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አናገረቻቸው፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ እስኪረሷት ጠበቀች፣ በድንገት ተነስታ ወደ በሩ ሮጠች። ዳማ ከፊቷ ደረሰች። ዱላ አንስታ ወረወረች፤ አንደኛው ሮጦ አመጣላትና እግሯ ሥር አስቀመጠው። በጓሮ በኩል ሄደች፤ አጥሩ የሚያልቅበት ላይ መሬቱም ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ጉም ብቻ ነው፣ ከታች በጣም ሩቅ የሆነ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ወደ ጫፉ ስትጠጋ ሦስቱም ልብሷን ይዘው፣ እንደ መማጸን በአፍንጫቸው እያቃሰቱ መለሷት። በመጨረሻ ተናዳ በሙሉ ኃይሏ ከዳማ ጋር ታገለች። የዳማ ዓይን አልተቆጣም፤ ጥርሷ ግን ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አጥንቷ ላይ ደረሰ። ይህ መንጋጋ የበሬ ቅልጥም እንደሚሰብር ታውቃለች። ቆመች። አንጓዋ ላይ ቀይ ቀለበት ወጥቶ ነበር።

ሳይመቱ የተማረ ውሻ የተማረውን አይረሳም። ይህን በየገበያው፣ በየቀበሌው ስብሰባ ስትሰብክ የኖረችው ራሷ ናት፤ አሁን እውነትነቱን የገዛ አንጓዋ ላይ አየችው።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ከበሩ ማዶ። ባሏ ግሩም መሆኑን በጥሪው ዜማ አወቀች። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። ጉሙ ውስጥ ሲሰማ ቅርብም ሩቅም ይመስላል፤ ናሆም የሚያለቅስ መሰላትና ጡቷ በራሱ ጊዜ ፈሰሰ፣ ሸሚዟ ራሰ፣ ወተቱ በብርዱ ወዲያው ቀዘቀዘ። ዳማ ቀርባ ሸሚዙን አሸተተችና ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ሐመልማል ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ስልኩም ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ ባትሪው አለቀ መሰል ጸጥ አለ።

ብርዱ ሲጠናባት ወደ ቤት ገባች። ምድጃው ውስጥ የጽዱ ፍም ገና ይጨሳል። የጓሮው በር ሥር ባሻ ቀና ብሎ አያት፣ መልሶ ተጋደመ፤ እሷን የሚጠብቀው እሱ አይደለም፣ የሱ ሥራ ሌላ ነው። በሩ ደህና አልተገጠመም፤ በስንጥቁ ቀጭን ብርሃን ይታያል። አላይም ብላ ነበር፣ ግን አየች። አልጋ፣ የተነጠፈ ነጭ ኖራ፣ በኖራው ላይ በደንብ የተሸፈነ ትንሽ ነገር፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ። ጥለቱ በአንድ በኩል ተተልትሏል። ነጠላው ሥር በዚያ በኩል መኖር የነበረበት ነገር አልነበረም።

ወጥታ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ያደረጉትን እሷም ማድረግ ትችላለች። ሳህኑ ላይ ቂጣ ተርፏል፤ ማንም ቢመጣ፣ እረኛም ይሁን እንጨት ለቃሚ፣ "እስኪ አጉርሳቸው" ማለት ብቻ ነው። ይህን ማሰቧ ራሷን አስጠላት። ቢሆንም አሰበችው፤ የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት የማታስበው ነገር የለም። ተነስታ ቂጣውን ወደ ገደሉ ወረወረችው፣ እንዳትፈተን።

ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ ጉሙ ከነጭነት ወደ አመድ ሲለወጥ፣ የልጅ ለቅሶ ሰማች። የጡቷ ቅዠት ነው ብላ ነበር። ከዚያ የግሩምን ድምፅ ሰማች።

"ሐሙ? ቦርሳሽ ምን ይሠራል እዚህ?"

"ግሩም፣ እንዳትገባ። እዚያው ቁም።"

እሱ ግን ገብቶ ነበር። በሩ ክፍት፣ ውሾቹ ጅራታቸውን እያወዛወዙ፤ ማን ይፈራል? ናሆምን በፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ልጁ ፊቱ ቀልቷል፣ ከለቅሶው ብዛት ድምፁ ሻክሯል፤ አያቱ ድዱን እንዲያክበት የሰጡትን ደረቅ ዳቦ በአንድ እጁ ጨብጧል። "ሙሉ ቀን አልቀመሰም። ስልክ አታነሺ። ክሊኒኩን ጠይቄ መጣሁ፤ ምን ላድርግ?" አለ ግሩም፤ ተቆጥቶም ደንግጦም ነበር።

ተቀበለችውና አጠባችው። እየጠባ ሳለ ሁሉን ነገረችው፣ አንጓዋንም አሳየችው። ግሩም በመጀመሪያ አላመነም፤ ይዟት ወደ በሩ ሄደና አየ፤ እሱን ዞር ብለው ያሳልፉታል፣ እሷን ይይዛሉ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ስማኝ" አለችው፤ "በእጅህ ምንም አትስጣቸው። ያልሰጣቸውን ሰው አይነኩም። ልጁን ይዘህ ውረድ፣ ነገ ከክሊኒኩ ማደንዘዣና ሰው ይዘህ ትመጣለህ። አንድ ሌሊት አልሞትም።" ይህን ስትል ቀኑን ሙሉ ያጣችው ልቧ ተመለሰላት። ልጇ ጠግቧል፣ ልጇ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ለመንገድ እንዲሆነው የሽማግሌውን ብርድ ልብስ ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች። ግሩም ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል በረንዳው ላይ ቀረ። ሐመልማል በጨለማው እየዳበሰች ብርድ ልብሱን አግኝታ ስትመለስ አንድ ነገር ጎደላት። ቀኑን ሙሉ ከተረከዟ ሥር ያልጠፋው የዳማ ትንፋሽ የለም። ወደ ቤት ስትገባም አልተከተለቻት። ውሾቹ ሦስቱም በረንዳው ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ስታልፋቸው አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩአትም።

ወደ በሩ ሄደች፣ ቀስ ብላ። ማንም አልተነሳም። እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች። ማንም አልያዛትም። አንድ እግሯን አወጣች፣ ሌላውን አወጣች፣ ድንጋዩ መንገድ ላይ ቆመች። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎ አፏን ሞላው። ወይ ደክሟቸዋል፣ ወይ ቂጣው አነሰባቸው፣ ወይ አምላክ የልጁን ለቅሶ ሰማ፤ የትኛውም ይሁን ግድ አልነበራትም።

"ግሩም፣ ልጁን ይዘህ ና። ለቀቁኝ።"

ግሩም ብድግ ብሎ ናሆምን አቅፎ እየፈጠነ መጣ። ውሾቹ አብረውት መጡ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ አጃቢ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዳማ በኋላ እግሮቿ ቆመችና፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ከፎጣው የወጣውን የናሆምን እጅ በአፏ ያዘች። ዳቦው የነበረበት መዳፍ ባዶ ነበር፤ ጣቶቹ መካከል እርጥብ ፍርፋሪ ተለጥፏል። ግሩም ሊጎትት ትከሻውን ሲያዞር ሐመልማል "አትጎትት" አለች፤ በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ልጁ እንዳይደነግጥ። ናሆም አልደነገጠም። ሙቀቱ ኮርኩሮት ቀኑን ሙሉ ያልሳቀውን ሳቅ ሳቀ።

ሐመልማል ጉሙን፣ መንገዱን፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ቦርሳዋን አየች፤ ከዚያ ማንም ሳይዛት ተመልሳ ገባችና በሩን በገዛ እጇ ከውስጥ ዘጋችው።